«ጌታ ተናግሯል» ተባልኩ፣ እናቴ ግን አረፈች

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። እናቴ ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ በሳምንት ሁለቴ እጥበት ታደርግ ነበር። እሷ ኦርቶዶክስ ነበረች፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጴንጤ ነኝ። አምና አንድ አገልጋይ በብዙ ሰው ፊት ጠራኝና "እናትሽን አየኋት፤ ጌታ አዲስ ኩላሊት ሰጥቷታል፤ ከእንግዲህ ማሽን አያስፈልጋትም፤ አሜን በይና ተቀበዪ" አለኝ። አሜን አልኩ። ዘር ዝሪ ስባልም ያጠራቀምኩትን ሰጠሁ። ወንድሜ "ሐኪሙ ሳይል እጥበቱ አይቆምም" ብሎ ስለጸና ሕክምናው ቀጠለ። እኔ ግን በልቤ ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። እናቴ "እንደ ፈቃዱ ይሁን" ስትል እቆጣት ነበር። "እንደሱ አትበይ፣ እምነት አታፍርሺ" እላት ነበር። ከአምስት ወር በኋላ አረፈች።

አሁን መጸለይ አልችልም። ስንበረከክ "ዋሽተኸኛል" ከሚል ቃል ሌላ አይመጣልኝም። ለኅብረቴ ሰዎች ስነግራቸው ግማሾቹ "እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል"፣ ግማሾቹ "እንዲህ ማለት ኃጢአት ነው" አሉኝ። እግዚአብሔር የተናገረውን ካልፈጸመ እንዴት ልመነው? ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?»

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናት ማጣት ብቻውን ሰውን ይጥላል። አንቺ ላይ የመጣው ደግሞ ሁለት ሐዘን ነው። እናትሽን ቀበርሽ፤ በዚያው ሰሞን ሐዘንሽን ይዘሽ የምትሄጂበት አምላክ የራቀሽ መሰለሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ዋሽተኸኛል» የሚለውን ቃል መጻፍ እንዳልቀለለሽ ይገባኛል። እንኳን ጻፍሽው። እንዲህ ያለ ነገር በሆድ ሲቆይ ነው የሚመርዘው። እኔም ሳልሸፋፍን የማስበውን እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ ላስታውስሽ። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 594 ዓመት ገደማ ነው። ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አንድ ጊዜ ደፍሯታል። ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ወደ ባቢሎን አግዟል። የቤተ መቅደሱን ዕቃም ዘርፏል። በከተማው የቀረው ሕዝብ ልጁ፣ ወንድሙ፣ ባሏ መቼ እንደሚመለስ ነው የሚያስበው። በዚህ መሃል ሐናንያ የሚባል የገባዖን ሰው በቤተ መቅደሱ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆመ። «የእስራኤል አምላክ የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብሎ ጀመረ። የባቢሎን ቀንበር ተሰብሯል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቃውም ንጉሡም የተማረኩትም ሁሉ ይመለሳሉ አለ።

እዚያ ብንኖር አንቺም እኔም አሜን እንል ነበር። ኤርምያስ ራሱ አሜን ብሏል! ምዕራፍ 28ን አንብቢው። «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው። የተባለው ነገር መልካም ስለሆነ እንዲሆን ተመኘ። የሰላምን ትንቢት የሚናገር ነቢይ ግን እግዚአብሔር እንደላከው የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ሐናንያ ይህን ሲሰማ ኤርምያስ ለባቢሎን መገዛትን ለማሳየት አንገቱ ላይ ያደረገውን የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ ምን ያህል ደስ እንዳለው ገምቺ። ኤርምያስም ዝም ብሎ መንገዱን ሄደ። ከእግዚአብሔር ዘንድ ቃል የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ለሐናንያ እንዲህ ተባለ፦ እግዚአብሔር አልላከህም፤ ይህን ሕዝብ በሐሰት እንዲታመን አድርገኸዋል።

እስኪ የሐናንያን ቃል አምና ቀን የቆጠረች አንዲት የኢየሩሳሌም እናት አስቢ። ልጇ ባቢሎን ነው። ሁለት ዓመቱ አለፈ። ልጇ አልመጣም። ይህች እናት እግዚአብሔር ዋሸኝ ብትል ሐዘኗ እውነተኛ ነው። እንባዋም እውነተኛ ነው። ክሱ ግን የቀረበው ቃሉን ባልተናገረው ላይ ነው።

እህቴ፣ አንቺም ያለሽው እዚያ ይመስለኛል። «አዲስ ኩላሊት ሰጥቷታል» ያለው ሰው ነው። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ተናገረ እንጂ እግዚአብሔር አልተናገረም። ይህን የምለው ከአንቺ ሐዘን ለማምለጥ ወይም ለእግዚአብሔር ማመካኛ ለመፈለግ አይደለም። ሕጉ ራሱ እንዲህ ይላል። በዘዳግም 18 መጨረሻ ላይ ሕዝቡ «እግዚአብሔር ያልተናገረውን ቃል በምን እናውቃለን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ተቀምጧል። በእግዚአብሔር ስም የተነገረው ነገር ካልሆነ፣ ያ ነቢዩ በድፍረት የተናገረው ነው፤ አትፍራው ይላል። እንግዲህ በአንድ ሰው ድፍረት የተነሣ እግዚአብሔርን ሐሰተኛ ማለት የለብሽም።

ስለዚያው ስለ ኤርምያስ ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም የእግዚአብሔር ታማኝነት ምን እንደሚመስል እዚያ በደንብ ይታያል። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለውን ታውቂዋለሽ። በምረቃ ካርድ ላይ አለ፣ በሳሎን ግድግዳ ላይ አለ። ምናልባት አንቺም ጋ ይኖራል። ይህ ቃል የተወሰደው ኤርምያስ ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች ከላከው ደብዳቤ ነው፣ ምዕራፍ 29። ከጥቅሱ ከፍ ብለሽ ስታነቢ ምን እንደሚል ታያለሽ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩበት ከተማ ጸልዩ ይላል። በመካከላችሁ ያሉት ነቢያት አያታልሏችሁ ይላል። ከዚያም የሚመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም እንደሆነ ይነግራቸዋል።

ሰባ ዓመት! ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ውስጥ ብዙዎቹ እዚያው ባቢሎን ነው የሞቱት። ከሐናንያ ቃል ጋር ሲተያይ ይህ የእግዚአብሔር ቃል ለጆሮ መራራ ነበር። ግን የቆመው እሱ ነው። ባቢሎን በፋርሱ ቂሮስ እጅ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ነው። ወዲያው ምርኮኞቹ እንዲመለሱ ቂሮስ ዐዋጅ አወጣ። መጽሐፈ ዕዝራ ሲጀምር፣ ይህ የሆነው በኤርምያስ አፍ የተነገረው የእግዚአብሔር ቃል ይፈጸም ዘንድ ነው ይላል። እኔ የእግዚአብሔርን እውነተኛነት ሳስብ ይህ ነገር ያጽናናኛል። ሰውን ለማስደሰት ብሎ ቃሉን አያሳጥርም። የማይሆነውን ይሆናል አይልም።

«ሐሰትን ይናገር ዘንድ እግዚአብሔር ሰው አይደለም» የሚለው ቃል በማን አፍ እንደተነገረ አስታውሺ። በበለዓም ነው፣ በዘኍልቍ 23። የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን እንዲረግምለት ያስመጣው ሰው ነው። ንጉሡ ቦታ ቢቀያይር፣ መሥዋዕት ቢጨምር፣ ክብር ቢሰጠው ቃሉ አልተለወጠለትም። የእግዚአብሔር ቃል በገንዘብ አይመጣም፣ በገንዘብም አይቀየርም። ኤልሳዕም ንዕማን ከለምጽ ከነጻ በኋላ ያቀረበለትን ስጦታ አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ከፈውስ ቃል ቀጥሎ «ዘር ዝሪ» ሲመጣ ልብሽ እንዲጠራጠር ፍቀጂለት። ሰጥተሽ ቢሆንም በዚህ ራስሽን አትቅጪ። ለእናትሽ ብለሽ ነው የሰጠሽው።

እሺ፣ ታዲያ እግዚአብሔር ምንድን ነው የተናገረው? የአንቺ ጥያቄ ዋናው ይህ ነው። የታመመ አማኝ ሁሉ ከሕመሙ ይድናል ብሎ አልተናገረም። ጳውሎስ ብዙ በሽተኞች በእጁ ተፈውሰዋል። ግን ባልንጀራው ጥሮፊሞስ ታሞ ሚሊጢን እንደተወው ይጽፋል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)። ጢሞቴዎስንም ለሆዱና ደጋግሞ ለሚነሣበት ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ ውሰድ ብሎታል። «በቃ ተፈውሰሃል፣ ተቀበል» አላለውም። ራሱም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ይፈውሳል? አዎ፣ ይፈውሳል፤ አምናለሁ፣ እጸልያለሁም። ቃል የገባው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነው።

ኢየሱስ በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል። አልደበቀንም። ለማርታ ደግሞ ወንድሟ በተቀበረ በአራተኛው ቀን «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ፤ የሚያምንብኝ ቢሞት እንኳ ሕያው ይሆናል» አላት። «ቢሞት እንኳ» ነው ያለው። አንድ አማኝ ሲሞት ይህ ቃል አይሰበርም። እንዲያውም ይህ ቃል የተሰጠው ለዚያ ቀን ነው።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ደፍሮ የሚናገረው ነገር አለ። ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እኛም ስለ እግዚአብሔር በሐሰት የመሰከርን ሆነን እንገኛለን ይላል። አየሽ? የእግዚአብሔር እውነተኛነት የሚመዘንበትን ቦታ ራሱ አሳይቶናል። የሚመዘነው በባዶው መቃብር ነው። አንድ አገልጋይ ባንድ ምሽት መድረክ ላይ ባለው ነገር አይደለም። የተነሣው ጌታ የእናትሽን መቃብር ዘግቶ አይተውም። እኔ የምተማመንበት እዚህ ላይ ነው፤ አንቺም ቀስ ብለሽ እዚያ ላይ እንድትቆሚ እለምንሻለሁ።

በአገራችንም ይህን ያሳዩን አሉ። በ1971 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ እጅ ተገደሉ። አስከሬናቸው ወጥቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አንዱ የእናትሽ ቤተ ክርስቲያን አባት፣ ሌላው የወንጌላውያን። እግዚአብሔር ታማኝ ማለት የሚወዱትን ሁሉ ከሞት ያስመልጣል ማለት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሰዎች ምን ልንላቸው ነው? እምነት ጎደላቸው ልንል ነው?

ይህን ካነሣን፣ «እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል» ያሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል። ለስለስ አድርጌ ልናገረው አልፈልግም። በሐዘንተኛ ላይ ድንጋይ ነው የጫኑት። በዮሐንስ 5 ላይ 38 ዓመት የታመመው ሰው ሲፈወስ የፈወሰው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። በማርቆስ 9 ላይ ያለው አባት ስለ ልጁ ሲለምን «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነው ያለው። ልጁም ተፈወሰ። ኢየሱስ የእምነትን መጠን ለክቶ የጎደለበትን እናት የሚቀማ አይደለም። እናትሽ የሞተችው ኩላሊቷ ስለታመመ ነው። ይህን ጮክ ብለሽ ለራስሽ ንገሪው።

አሁን ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን ወደነካው ነገር ልምጣ። «እንደ ፈቃዱ ይሁን» ስትል እቆጣት ነበር ብለሻል። ይህ ነገር ሌሊት ሌሊት እየመጣ እንደሚያንገበግብሽ እገምታለሁ።

እናትሽ ያለችው የጌታን ቃል ነው። በጌቴሴማኒ አባቱን ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ቀጥሎም የእኔ ፈቃድ ሳይሆን የአንተ ይሁን አለ። ይህን ያለው እምነት ጎድሎት አይደለም። እናትሽም «አባታችን ሆይ» ስትደግም ዕድሜዋን ሙሉ «ፈቃድህ ይሁን» ስትል ኖራለች። ስትታመም ያንኑ ነው ያወጣችው። እሷ አምላኳን ታውቀው ነበር። ይፈውሰኛል ብላ አልተወራረደችም፤ ቢፈውሳትም ባይፈውሳትም የእሱ ነበረች። ኦርቶዶክስ ሆና ይህን ያለችው አንቺ ጴንጤ ሆነሽ የተማርሽውን ሳታውቅ ቀርታ መስሎሽ ከነበረ፣ አሁን በሐዘንሽ መሃል ከእሷ እምነት ብትማሪ ምንም አያሳፍርም።

ቁጣሽን በተመለከተ ደግሞ፣ እናት ልጇ ፈርታ የምትናገረውን ከሌላው ትለያለች። ማጣት ስለማትፈልጊ ነበር የተቆጣሽው። እሷ ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል፤ እግዚአብሔር ፊት ግን አላለፈም። አንድ ጊዜ ንገሪውና ይብቃሽ። ኃጢአታችንን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን «የታመነና ጻድቅ ነው» ይላል ዮሐንስ። ታማኝነቱ እዚህም ይሠራል።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል። የዚህች እህት ወንድም ትክክል ነበር። ሐኪም ሳይል እጥበትም ሆነ መድኃኒት አይቆምም፤ ቃል መጣ ተብሎም አይቆምም። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። የፈወሰ አምላክ በምርመራ ውጤት አያፍርም። የተፈወሰ ሰው ሐኪሙ ፊት ቀርቦ ያረጋግጥ።

ወደ ጸሎትሽ ልመለስ። መጸለይ አልችልም ብለሽኛል፤ ስትንበረከኪ ግን «ዋሽተኸኛል» የሚል ይመጣል። እሱን ለማን ነው የምትዪው? ለእሱ ነው። ይህማ ጸሎት ነው። ከእግዚአብሔር የተቆረጠ ሰው እሱን አይከስም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ኃጢአት ነው ላሉሽ መዝሙር 89ን አሳዪያቸው። በእናትሽ ዳዊት ውስጥ ቁጥሩ 88 ነው። ዳዊቷ ቤት ካለ ከእሱ ብታነቢው ደስ ይለኛል። መዝሙሩ በእግዚአብሔር ምሕረትና ታማኝነት ይጀምራል። ለዳዊት የማለለትን መሐላ ይዘረዝራል፤ በምስጋና ላይ ምስጋና ነው። ከመሃል ግን ዞር ይላል፦ አንተ ግን ናቅህ፣ ጣልህ፣ ኪዳኑን አፈረስህ ይለዋል። መጨረሻው አካባቢም ለዳዊት በእውነትህ የማልኸው የቀድሞ ምሕረትህ ወዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። ይህ መዝሙር በምኩራብም በቤተ ክርስቲያንም ሲጸለይ ኖሯል። እንዲህ ያለውን አቤቱታ እግዚአብሔር ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦልናል። ኢዮብም እንደዚሁ። ያን ሁሉ ከተከራከረ በኋላ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ወዳጆቹ እኮ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙ መስሏቸው ነበር። ኢዮብ ለምን ያ ሁሉ እንደደረሰበት እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። እናትሽ ለምን እንዳልተፈወሰች እኔም ልነግርሽ አልሞክርም።

ለጊዜው ረጅም ጸሎት አትሞክሪ። ማታ ማታ ያንን መዝሙር ወይም መዝሙር 13ን፣ «እስከ መቼ» የሚለውን፣ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። የራስሽን ቃል መጨመር ካቃተሽ አትጨምሪ። የኅብረት ጸሎቱ የሚከብድሽ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ከአንዲት ከምታምኛት እህት ጋር ብቻ ተገናኚ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ። ለወንድምሽም ንገሪው፤ እሱም እኮ እናቱን ነው የቀበረው።

የቀረው አገልጋዩ ነው። ትንቢትን ሁሉ ጣዪው አልልሽም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ብሎ ሁሉን ግን ፈትኑ ነው ያላቸው። ለዚያ ሰው ግን ሊነገረው ይገባል፤ ነገ «ሐኪሙ ሳይል አይቆምም» የሚል ወንድም የሌላት ሌላ ልጅ ሊጠራ ይችላል። ብቻሽን አትሂጂ። ወንድምሽንና ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ የታመነ ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። በብዙ ሰው ፊት የተናገረውን አስታውሺው፤ እናትሽ መቼ እንዳረፈች ንገሪው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ያንን ቃል በተናገረበት መድረክ ላይ ቆሞ «ጌታ አልተናገረኝም፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት» እንዲል። ካለ፣ ይቅር በይው። መልሱ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ከሆነ ግን አትከራከሪው። ተነሥታችሁ ውጡና ጉዳዩን ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በጽሑፍ አቅርቡ።